ሰይጣን በዙፋኑ ፊት
«እግዚአብሔር ቅዱስ ስለሆነ ኃጢአት በፊቱ ሊቆም አይችልም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ ተናጋሪው መጽሐፈ ኢዮብን ገልጦ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ያምረኛል። በምዕራፍ 1 ሰይጣን የእግዚአብሔር ልጆች ከተባሉት ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፤ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፤ ይመልሳል። በምዕራፍ 2 ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ከደጅ የመለሰው የለም።

ዕንባቆም 1፥13 ይጠቀስብኛል፤ ዓይኑ ክፉን እንዳያይ ንጹሕ ነው ይላል ተብሎ። ጥቅሱን ግን ግማሹ ላይ ይቆርጡታል! ነቢዩ ወዲያው አስከትሎ፣ እግዚአብሔር ከዳተኞችን እያየ ለምን ዝም እንደሚል ያማርራል። የማያይ ከሆነ ምሬቱ ከየት መጣ?

መዝሙር 5 ክፉ ከእርሱ ጋር አያድርም ማለቱ እውነት ነው። ማደርና መቆም ግን ለየቅል ናቸው፤ ችሎት ፊት የቆመ ሁሉ የዳኛው ቤተሰብ አይደለም። ራእይ 12ም ከሳሹ ተጣለ ሲል፣ እስኪጣል ድረስ እዚያው ሲከስ እንደነበር መመስከሩ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ቢሆን ዝም ባልኩ። በዚህ አባባል የተነሳ «እኔማ ቆሻሻ ነኝ» ብለው ከጸሎት የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። ቅድስና እንደ ነጭ ነጠላ ቶሎ የሚያድፍ ነገር መስሏቸዋል። ኢሳይያስ ከንፈሩ የረከሰ መሆኑን እየተናገረ ዙፋኑን አየ፤ ወደ እርሱ የተላከው ፍም እንጂ ዘበኛ አልነበረም። በዘካርያስ 3 ደግሞ ሊቀ ካህናቱ ኢያሱ እድፋም ልብሱን እንደለበሰ በመልአኩ ፊት ቆሟል፤ ሰይጣን ሊከሰው በቀኙ አለ። የተገሠጸው ማን ነው? ሰይጣን። ኢያሱን ግን ልብስ ቀየሩለት።