ሐዲዱን ለባቡር፣ ደጋውን ለእግረኛ

ባቡር የራቀው ሐዲድ ለእግረኛ መናፈሻ ይሁን የሚለው ሐሳብ በዓለም ዙሪያ ብዙ ደጋፊ አግኝቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣችው ሕግ የተተወ መስመር ለጊዜው ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፈታል፤ ባቡር ሲያስፈልግ ደግሞ ለባቡር ይመለሳል። ሕጉ መልካም ነው። የወሎ ሐዲድ ግን ያረጀ አይደለም፤ ገና ሥራ ያልጀመረ ነው።

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚዘልቀውን 392 ኪሎ ሜትር መስመር የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ መገንባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተተምኖለታል። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ወደ መጠናቀቁ ሲቃረብ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ዘገየ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ የፕሮጀክቱ ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። እንዲህ ያለ መስመር ሥራ ፈትቶ በቆየ ቁጥር ሰው እንደ ባዶ መሬት ያየዋል። የሚያሰጋኝም ይኸው ነው።

የአዲስ አበባውን ለገሃር እንመልከት። 784 ኪሎ ሜትር የነበረው የጅቡቲ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ መንገደኛውን የሚያወርደው እዚያ፣ ከተማው እምብርት ላይ ነበር። ዛሬ አካባቢው ለመኖሪያና ለንግድ ሕንፃዎች ተሰጥቷል። በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ መሄድ የፈለገ ሰው ሻንጣውን ይዞ ከከተማው ዳር ለቡ ድረስ መጓዝ አለበት። ነገ ባቡር መሃል ከተማ ይግባ ቢባል መሬቱን ማን ያስለቅቃል?

ስለዚህ ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ ያለው መሬት ለባቡር ብቻ ይጠበቅ። የሽርሽር መንገድ የሚያምርበት ባቡር የማይደርስበት ምዕራባዊው የወሎ ደጋ ነው። ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙ ሳይርቅ ቀድሞ የደንቆሮ ደን ይባል የነበረውን የያዘው ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ጅብራው በጓሳው ሣር መሃል ቀጥ ብሎ ይታያል። የእግር መንገዱ አስፋልትም ኮንክሪትም አያሻውም፤ የገበሬውና የበቅሎው ጥርጊያ አለ። የጎደለው አስጎብኚ፣ ማደሪያና ከሁሉ በፊት ሰላም ነው።

ነዋሪው ግን ጓሳውን ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭደዋል፣ ከብቱንም እዚያው ያሰማራል። ጎብኚ ይመጣልና አትጨድ፣ አታሰማራ ብሎ በባዶ እጅ መሸኘት ለፓርኩ ጠላት ማፍራት ነው። በሰሜን ወሎ መቄት የተጀመረው የማኅበረሰብ ጉብኝት የተሻለ መንገድ አሳይቷል፦ እንግዳው በገበሬው ቀዬ ባለው ጎጆ ያድራል፣ ገቢውም ለቀበሌው ሰው ይደርሳል።

ለመካነ ሰላም ሰው ሐዲዱና የእግር መንገዱ አይጣሉም። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ ዛሬ በአቀስታና በጊምባ ደሴ ይገባል፣ ከዚያም ሌላ የአውቶቡስ ቀን ይጠብቀዋል። ያን ሁለተኛ ቀን ከደሴ ጎረቤት ከኮምቦልቻ የሚነሳ ባቡር ሊያቀልለት ይችላል። የኤሌክትሪኩ ነገር እስኪፈታ ከአዋሽ ኮምቦልቻ በናፍጣ የሚሄድ፣ ጥቂት ፉርጎ ያለው የመንገደኛ ባቡር መጀመር አለበት፤ የአሮጌው የጅቡቲ መስመር ሎኮሞቲቭም ለአሥርተ ዓመታት በናፍጣ ሠርቷል። የመንገደኛ ትኬት ብቻውን ወጪውን አይሸፍንም፤ ልዩነቱን መንግሥት ይቻለው። ያ በሽተኛ ከሚከፍለው ጋር ሲተያይ ትልቅ ገንዘብ አይደለም።