ሰብለ ወንጌልን እናውቃታለን፤ እኛንስ ማን ያውቀናል?



ውድ እህት ወንድሞች፣ ዛሬ ስለ ልብ ወለድ እናውጋ። «ደግሞ ለልብ ወለድ!» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ያደግነው «ውሸት ከምታነብ ቁርኣንህን ቅራ» እየተባልን ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ቁርኣንን ያስቀደመም አይሳሳትም። ግን ሁለቱ የግድ ይጣላሉ ወይ?

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአንዱሉሱ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብኑ ጡፈይል «ሐይ ኢብኑ የቅዛን» የተባለ ታሪክ ጻፈ። ሰው በሌለበት ደሴት ሚዳቋ ያሳደገችው ልጅ እያየና እያሰበ ፈጣሪውን እስከ ማወቅ ይደርሳል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1671 ወደ ላቲን፣ በ1708 ከዐረብኛው ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ዓለም የሚያደንቀው «ሮቢንሰን ክሩሶ» የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1719 ነው። አንድ ሙስሊም ሊቅ ትልቅ ሐሳቡን በፈጠራ ታሪክ ለማስተላለፍ አላፈረም ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበብን ብዙዎች ነን። ከኮምቦልቻና ከደሴ ልጆች ስንቶቻችን ጎጃምን ረግጠናል? ግን የባላባቱን ቤት፣ የገበሬውን ምሬት፣ የቆሎ ተማሪውን ኑሮ እናውቃለን። ለበዛብህ አዝነናል፣ ለሰብለ ወንጌል አልቅሰናል፣ በጉዱ ካሣ ነገር ተከራክረናል። አንድ መጽሐፍ የማናውቀውን አገር ሰው ዘመዳችን አደረገው።

እስቲ ጥያቄውን እንገልብጠው። የደብረ ማርቆስ ልጅ እኛን በምን ያውቀናል? ለውሑን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ የሚዞረው ደረሳ ከቆሎ ተማሪው ያነሰ ታሪክ አለው? ባባቲ መንገድ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የሹፌር ልጅስ? ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ደክማ የምትገባዋ እህታችንስ? ጓደኞቿ ፈተና ሲያጠኑ እሷ ወደ ጅዳ ለመሄድ ፓስፖርት የምትጠብቀዋስ? በ2014 ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲገባ፣ ታናናሾቹን ይዞ የሸሸው የ14 ዓመት ልጅስ? እኛ ባነበብናቸው ልብ ወለዶች ሙስሊሙ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ባለ ሱቅ ሆኖ ነው፤ ታሪኩ የሱ አይደለም። ራሱን በመጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ወጣት ደግሞ የሱ ኑሮ ለወግ የማይበቃ ይመስለዋል። እኛን የሚያሳስበን ይሄ ነው።

ጥፋቱን ግን በሌሎች ላይ ብቻ አንጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያወቁትን ጻፉ። የኛን ማን ይጻፍልን?

ስንጽፍም አደራ፣ ዳዕዋን ልብ ወለድ አልብሰን አናቅርብ። ደጉ ልጅ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ደግ፣ ክፉው በመጨረሻው ምዕራፍ የሚቀጣበት መጽሐፍ ወጣቱን አይይዘውም፤ ኑሮ እንደዚያ አለመሆኑን ያውቃላ! ቁርኣን የነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሲነግረን የወንድም ቅናትን፣ ጉድጓዱን፣ የሴቲቱን ፈተና፣ እስር ቤቱን አልደበቀም። ያ እውነት ነው፤ ከሰው ፈጠራ ጋር አናወዳድረውም። ግን ለወጣት ፈተናን ሳይሸሽጉ፣ ብልግናም ሳይጨምሩ መንገር እንደሚቻል ያስተምረናል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ የሚያነበውን ከመቀማታችሁ በፊት እናንተም አንብቡት፤ ከዚያ አብራችሁ አውሩበት። የሚጎዳው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ያኔ በምክንያት ትነግሩታላችሁ። የቋንቋ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን «የአያታችሁን ታሪክ ጻፉ» በሏቸው። እኛ ወጣቶች ደግሞ በወር አንድ መጽሐፍ ተዋውሰን እናንብብ። ከዚያ ስልካችን ላይም ቢሆን አንድ ገጽ እንጻፍ፦ ከስደት ስለተመለሰችው አክስታችን፣ ስለ ቁርኣን ቤት ጓደኛችን፣ ስለ ቦርከና ዳር ውሏችን።

የመጀመሪያው ገጽ ላያምር ይችላል፤ ግን የኛ ነው። ኢንሻአላህ አንድ ቀን ጎጃም ያለች አንዲት ልጅ ለኮምቦልቻዋ ልጅ ታለቅሳለች።