ስለ ቴሌቪዥን ሣጥን አመራረጥና ስለ ነጋዴው ኃላፊነት

ነጋዴ በመደርደሪያው ላይ የሚያኖራቸው ዕቃዎች በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን እንደ ብረት ድስት፣ እንደ አቡጀዲና እንደ ምስማር ያለው ነው፤ ገዢው በእጁ ዳስሶ፣ በዓይኑ መርምሮ ይወስደዋል፤ ከተወሰደም በኋላ የሠሪው ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ ድስቱ ወጥ መሥራቱን አያቋርጥም። ሁለተኛው ወገን ግን ከተሸጠ በኋላ ሠሪው ዘወትር ካልጠበቀውና ካላደሰው በቀር የማይሠራ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣውን ፊልምና ዜና በቴሌቪዥን ላይ የሚያሳየው ትንሽ መሣሪያ፣ በተለምዶ ቲቪ ቦክስ ወይም ስቲክ የሚባለው፣ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስለዚህም እርሱን የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሠሪውንም የተስፋ ቃል ይሸጣል። ሠሪው ማን እንደሆነ ሳያውቅ የሚሸጥ ነጋዴም ለማያውቀው ሰው ዋስ እንደሆነ ይቈጠራል።

ይህ ንግድ በሰፊው የሚታየው በአሜሪካ ስለሆነ የዚያን አገር ሁኔታ አስቀድሞ መመልከት ይጠቅማል። የኬብል ቴሌቪዥን በአሜሪካ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ዓላማው እንደ ፔንሲልቫኒያ ባሉ ክፍለ ሀገሮች ተራራ የጋረዳቸው ከተሞች በከፍታ ላይ በተተከለ አንቴና የተቀበሉትን ሥርጭት በገመድ ወደየቤቱ ለማድረስ ነበር። ከጊዜ በኋላ ኩባንያዎቹ ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ጥቅል አስረው መሸጥ ስለጀመሩ ደንበኛው ለሚያያቸው ጥቂት ጣቢያዎች ሲል ለማያያቸው ብዙዎች ጭምር ይከፍል ጀመር። ሒሳቡም በየጊዜው ከፍ እያለ ሄደ። ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት በ2007 ፊልሞችን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ጀመረ፤ ሮኩ የተባለው ኩባንያም በ2008 ይህንኑ ሥርጭት በቴሌቪዥን ላይ የሚያሳይ ሣጥን በ99 ዶላር ለገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የኬብል ውሉን የሚያቋርጠው ቤተ ሰብ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መጥቷል። የተመልካችን ብዛት የሚያጠናው ኒልሰን የተባለው ድርጅት እንዳስታወቀው በሜይ ወር 2025 በአሜሪካ በቴሌቪዥን ላይ ከታየው ጊዜ 44.8 በመቶ የሚሆነው በኢንተርኔት የመጣ ሲሆን በአየርና በኬብል የታየው ሁለቱ ተደምረው 44.2 በመቶ ሆኗል። የኢንተርኔቱ ሥርጭት ሁለቱን ባንድነት ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይሁን እንጂ ኬብሉን ያቋረጠ ሁሉ ወጪውን አቋርጧል ማለት አይደለም። የኢንተርኔቱ ኪራይ እንዳለ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፈለው ለዚያው ለቀድሞው የኬብል ኩባንያ ነው። በየወሩ ለዚህም ለዚያም ድርጅት የሚከፈለው መዋጮ ሲደማመር የቀድሞውን ሒሳብ ሊያህል ይችላል። እንግዲህ ደንበኛው ወደ ሱቅ የሚመጣው ገንዘብ ለማትረፍ አስቦ ስለሆነ ባለ ሱቁ «ቁጠባው የሚገኘው ከሣጥኑ ሳይሆን ከወርኃዊ መዋጮው ምርጫ ነው» ብሎ እውነቱን ሊነግረው ይገባል።

በአሜሪካ ገበያ ስማቸው የታወቀ መሣሪያዎች በአራት ይጠቃለላሉ፤ እነርሱም ሮኩ፣ የአማዞን ፋየር ቲቪ፣ የጉግል መሣሪያና አፕል ቲቪ ናቸው። ሮኩ ለአጠቃቀም ቀላል በመሆኑ ለሽማግሌዎችና ለእንግዳ ተጠቃሚ ይስማማል። ፋየር ቲቪ የአማዞን ደንበኛ ለሆነ ሰው፣ የጉግሉ ደግሞ በአንድሮይድ ስልኩ ያየውን ወደ ቴሌቪዥን ለማሳለፍ ለሚፈልግ ይመቻል። አፕል ቲቪ ከአብዛኞቹ ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን ይበልጥ የሚጠቅመው የአፕል ስልክ ላለው ነው።

የዋጋቸው ልዩነት ምክንያት ለነጋዴ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ሮኩ በ2023 መሣሪያዎቹን የሸጠው ካስወጡት ገንዘብ በታች ነበር፤ ይህንንም ያደረገው ትርፉን በኋላ ከማስታወቂያና ከወርኃዊ መዋጮ ድርሻ ስለሚያገኝ ነው። እንግዲህ ዋጋው ረከሰ ማለት ዕቃው በነፃ ተሰጠ ማለት አይደለም፤ ቀሪውን ዋጋ ገዢው ማስታወቂያ በማየትና የአመለካከት ልማዱን በማስታወቅ ይከፍለዋል ማለት ነው። ይህ አከፋፈል የታወቀና በውል የተጻፈ ስለሆነ አያስነቅፍም።

የሚያሳስበው ግን አምስተኛው ዓይነት ነው። ይኸውም ሠሪው በግልጽ የማይታወቅ፣ «አንድ ጊዜ ይክፈሉ፣ የዓለምን ጣቢያ ሁሉ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ይመልከቱ» እየተባለ የሚሸጠው ሣጥን ነው። የዚህ ዋጋ ከየት እንደሚመለስ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በገሃድ ታይቷል። በጃንዋሪ 2023 አንድ ባለሙያ ቲ 95 የተባለውን ርካሽ ሣጥን ሲመረምር ገና ከማሸጊያው ሳይወጣ ተንኰለኛ ፕሮግራም ተጭኖበት አገኘ። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ቮይድ የሚል ስም በተሰጠው ሌላ ተንኰለኛ ፕሮግራም 1.3 ሚሊዮን ያህል ሣጥኖች በ200 ያህል አገሮች ተለክፈው መገኘታቸው ተገለጸ። በጁን 2025 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው ልክፍት ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በሚቀጥለውም ወር ጉግል ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ መሣሪያዎች ተለክፈዋል ሲል በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ።

የልክፍቱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሣጥኑ በቤቱ ውስጥ ፊልም እያሳየ ሳለ የባለቤቱን የኢንተርኔት መሥመር ለማይታወቁ ሰዎች ያከራያል። እነዚያም ሰዎች በዚያ መሥመር ተጠልለው ሌላውን ሲያጭበረብሩ ድርጊቱ ከገዢው ቤት የተነሣ መስሎ ይታያል። ከዚህም ሌላ ሣጥኑ ማንም ያላየውን ማስታወቂያ እንደታየ አስመስሎ ይቈጥራል። ገዢው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የሚያውቀው ኢንተርኔቱ መዘግየቱን ብቻ ነው። ስለዚህም «ወርኃዊ ክፍያ የለውም» የተባለው ሣጥን በእርግጥ ክፍያ አለው፤ የሚከፈለው ግን ከገዢው መልካም ስም ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች በዚህ ላይ የሚያቀርቡት ተቃውሞ አለ። «ደንበኛው ድኻ ነው፣ የታወቀውን ለመግዛት አቅም የለውም፤ እኛም የተጠየቅነውን እንሸጣለን፤ ደግሞስ የታወቁትስ ቢሆኑ መቼ ሳይበላሹ ቀሩ?» ይላሉ። የመጨረሻው ቃል እውነትነት አለው። ኔትፍሊክስ በዲሴምበር 2019 በአንዳንድ አሮጌ የሮኩ ሣጥኖችና የሳምሰንግ ቴሌቪዥኖች ላይ አገልግሎቱን አቁሟል። ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ይሸጠው የነበረውን ክሮምካስት መሥራቱን በኦገስት 2024 ማቆሙን አስታውቋል። በማርች 2025 ደግሞ በ2015 የወጣው ክሮምካስት የውስጥ የማረጋገጫ ፊርማው ቀን ስላለፈበት በየአገሩ በአንድ ጊዜ ሥራውን አቆመ።

ነገር ግን ልዩነቱ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ያ መሣሪያ ከወጣ ዐሥር ዓመት ያህል ያለፈው ሆኖ ሳለ ጉግል በጥቂት ቀናት ውስጥ ማደሻ ልኮ አስተካከለው። ስም የሌለው ሣጥን በዚያው ሁኔታ ቢቆም ግን ባለቤቱ ማንን ይጠይቃል? ሠሪውን አያውቀውም፤ አስመጪውንም አያገኘውም፤ የሚያውቀው ከእጁ ገንዘብ የተቀበለውን ባለ ሱቅ ብቻ ነው። ድኻ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ለመግዛት አቅም የሌለው በመሆኑ ከባለጸጋው ይልቅ የሚጠነቀቅለት ነጋዴ ያስፈልገዋል። ድኽነቱ መጥፎ ዕቃ ለመሸጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአብዛኛው የሚታየው በኬብል ሳይሆን በዲሽ ቢሆንም እነዚህ መሣሪያዎች በሁለት መንገድ ይገባሉ። አንዱ አስመጪው የሚያመጣው ነው፤ ሌላው በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖር ዘመድ በሻንጣ የሚልከው ነው። በዚያ የሚኖሩ ወገኖችም ቢሆኑ የአማርኛ ፕሮግራም ለማየት ሲገዙ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ለምሳሌ አማዞን በ2025 ያወጣው አንድ የፋየር ቲቪ ስቲክ ዓይነት ከራሱ መደብር ውጭ የመጣ ፕሮግራም አያስጭንም። ስለዚህ የሚፈለገው የአማርኛ ጣቢያ በመሣሪያው መደብር ወይም በዩቲዩብ የሚገኝ መሆኑን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ወደ ኢትዮጵያ በሚመጣው ዕቃ ረገድ ባለ ሱቁ ከደንበኛው ጋር ሊነጋገርባቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ደንበኛው በእርግጥ ሣጥን ያስፈልገዋልን? ቴሌቪዥኑ ስማርት ከሆነና የሚፈልገውን የሚያሳየው ከሆነ፣ ወይም ዲሹ ከበቃው፣ አያስፈልገውም። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ከሆነ ደግሞ የኤች ዲ ኤም አይ መሰኪያ ያለው መሆኑ ይጠየቅ፤ ከሌለው የአሁኑ ሣጥኖች አብዛኞቹ አይሰኩለትም።

ሁለተኛ፤ ኤሌክትሪኩ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ ግን 220 ቮልት ነው። በመሣሪያው ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈ የሚለወጠው መሰኪያው ብቻ ነው፤ ካልተጻፈ ግን ቻርጀሩ ራሱ መለወጥ አለበት።

ሦስተኛ፤ ኢንተርኔቱ። ኔትፍሊክስ እንደሚያስታውቀው ጥራት ያለው ሥዕል፣ ማለትም ኤች ዲ፣ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ 4ኬ የተባለው ደግሞ እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል። በየማታው ለሁለት ሰዓት በኤች ዲ የሚመለከት ቤተ ሰብ በወር እስከ 180 ጊጋባይት ሊፈጅ ይችላል ማለት ነው። ያልተገደበ የቤት ኢንተርኔት ለሌለውና በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ይህ ከሣጥኑ ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ሊሆንበት ይችላል፤ ይህን ሳይነግሩት መሸጥ ነዳጅ የማያገኝለትን መኪና እንደ መሸጥ ነው።

አራተኛ፤ የሠሪው ማንነት። ሣጥኑ በአንድሮይድ የሚሠራ ከሆነ በጉግል የተረጋገጠ መሆኑ ይታይ። የጉግልን የመከላከያ ፕሮግራም አጥፉ የሚል፣ ከማይታወቅ መደብር ፕሮግራም የሚያስጭን፣ ወይም የሚከፈልበትን ጣቢያ ሁሉ በነፃ አሳያለሁ የሚል ሣጥን ከመደርደሪያ ላይ ሊወጣ ይገባዋል። የአሜሪካ የምርመራ ቢሮም የአደጋ ምልክቶች ናቸው ያላቸው እነዚሁ ናቸው።

አስመጪው ከባለ ሱቁ የበለጠ ኃላፊነት አለበት። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለእያንዳንዱ ዶላር የሚከፈለው ብር ብዙ ነው። ይህን ያህል ብር ከፍሎ የተገኘውን ዶላር በስድስት ወር ውስጥ ለሚጣል ሣጥን ማዋል ለአስመጪውም ለአገሩም ኪሣራ ነው። ስለዚህ ኤል ሲ ከመክፈቱ በፊት ናሙና አስመጥቶ በባለሙያ ማስመርመር፣ የማረጋገጫውን ማስረጃ ከሠሪው በጽሑፍ መጠየቅ፣ ማደሻ እስከ ስንት ዓመት እንደሚላክለትም በውሉ ማስገባት ይገባዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ በጥድፊያ የገባ ዕቃ በጥድፊያ ይመለሳል።

ከሕግም አንጻር ቢታይ ነጋዴው ነፃ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው መድን እንዲሆን ያስገድዳል። ገና ከማሸጊያው ሳይወጣ የተለከፈ ሣጥን ጉድለት የለበትም ብሎ ለመከራከር የሚደፍር ሻጭ ይኖራል ተብሎ አይታሰብም።

እንግዲህ የሚበጀው መንገድ ከባድ አይደለም። ባለ ሱቁ ከያንዳንዱ ዓይነት አንዱን አውጥቶ በሱቁ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካው፤ ደንበኛው የሚፈልገውን ፕሮግራም በዓይኑ አይቶ ይግዛ፤ የሠሪው ስም፣ የመሣሪያው ዓይነትና የዋስትናው ዘመን በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ለማይጠቅመውም ደንበኛ «ይህ ለእርስዎ አያስፈልግዎትም» ማለትን አይፈር። በዚያን ዕለት አንድ ሽያጭ ይቀርበት ይሆናል፤ ያ ደንበኛ ግን ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ ወይም ምጣድ ለመግዛት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደማን ሱቅ እንደሆነ የታወቀ ነው።