የከዋክብት ዕቁብ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። አበው ይህን ሲተርቱ ቴሌስኮፕ በሐሳባቸው አልነበረም፤ ነገር ግን ተረቱ ለቴሌስኮፕ የሚስማማውን ያህል ለሌላ ነገር አይስማማም። ሰማይን የሚመረምር መሣሪያ ውድ ነው። ከተገዛም በኋላ ተራራ ላይ መንገድ፣ መብራት፣ ጠባቂና ጠጋኝ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለብቻው የሚችል ኮሌጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ብልሆቹ ልክ ታከርና ክላርክስተን እንዳሉት ወገኖች ዕቁብ ይገባሉ። በዚህ ዕቁብ ዕጣ የሚወጣበት ግን ገንዘብ ሳይሆን ሌሊት ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በ1989 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቫልዶስታ ስቴት፣ ኢስት ቴነሲ ስቴትና የፍሎሪዳ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተሰባስበው የደቡብ ምሥራቅ የሥነ ፈለክ ምርምር ማኅበር አቋቋሙ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ሳራ» ይባላል። ከአራቱ አንዳቸውም በሀብት ከነሃርቫርድ ተርታ የሚሰለፉ አልነበሩም። በዚያው ሰሞን በአሪዞና ኪት ፒክ ተራራ ላይ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ ኦብዘርቫቶሪ 90 ሳንቲ ሜትር መስታወት ያለውን አንድ አሮጌ ቴሌስኮፕ ለመሰናበት ተዘጋጅቶ ነበር። ማኅበሩ ተረከበው፤ አዲስ ቤት ሠርቶለትም በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ሥራ መለሰው። ሌላው የጣለውን አንስቶ መጠቀም ለስደተኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ በቺሊ ሴሮ ቶሎሎ ተራራ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በካናሪ ደሴቶች ላ ፓልማ ደግሞ 1 ሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት ሌሎች ነባር ቴሌስኮፖች ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሌሎች ኮሌጆችም ተጨመሩ። ከነዚህ አንዱ ከታከር ሩቅ ያልሆነው የዲኬተሩ የሴቶች ኮሌጅ አግነስ ስኮት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል መዋጮውን ይከፍላል፤ በዚያው ልክ በዓመት የሚደርሱት ሌሊቶች ይቆረጡለታል። ተራው የደረሰ ተማሪ አሪዞና ድረስ መብረር አያስፈልገውም። ኮሌጁ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ቴሌስኮፑን ያዞራል፣ ፎቶግራፉን ያነሳል፣ ሲነጋ ቤቱ ይገባል። ሦስቱ ቴሌስኮፖች በተለያየ የምድር ክፍል በመሆናቸው አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ጋ ገና ሌሊት ነው። አሪዞና የማታሳየውን የደቡብ ሰማይም ቺሊ ታሳያለች።

ይህ እንዲህ እንዳለ ወደ አገር ቤት እንመለስ። በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት መሥራቾቹን እንደ እብድ የቆጠራቸው ሰው ብዙ ነበር። እነሱ ግን አልተመለሱም። ከ30 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የገቡበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል በ2013 ተቋቋመ። በ2015 ደግሞ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተመረቁ። ወጪው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ እንደሸፈኑ በወቅቱ ተዘግቧል። የሳራ ማኅበር ትልቁ ቴሌስኮፕ 1 ሜትር መሆኑን ያስታወሰ ሰው እንጦጦ በመሣሪያ ከሳራ ኮሌጆች እንደማያንስ ይረዳል።

እንዲያውም ኢትዮጵያ የምትበልጥበት ነገር አለ። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ክፍል ከአንድ ተራራ ይታያል። ሳራ ለዚህ ሲባል አሪዞናና ቺሊ ሁለት ቦታ መትከል ነበረበት። የሰዓቱም ልዩነት ቢሆን ጸጋ ነው። በበጋው ወራት ታከር ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እንጦጦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ቴሌስኮፑ ከሩቅ እንዲታዘዝ ቢደረግ የአትላንታ ተማሪ እንቅልፉን ሳያጣ በቀትር የአገሩን ሌሊት መመርመር ይችላል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛው ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ባደገች ቁጥር የእንጦጦ ሰማይ ይነጣል፤ የክረምቱም ደመና ወራት ሙሉ ያስተጓጉላል። በዚህም ምክንያት ባለሙያዎች በላሊበላ አካባቢ ያሉትን ከ4,000 ሜትር የሚበልጡ ተራሮች ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2021 ግን ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ የቅርብ ጎረቤቷ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተከፈተ። ቴሌስኮፕ የሚሻው የሌሊትን ጨለማ ነው፤ ጦርነት የሚያመጣውን ጨለማ አይደለም።

ሁለተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ2016 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም እንጦጦ በሥሩ ገባ። በ2022 ይኸው ተቋም ከካርታና ከጂኦስፓሻል መሥሪያ ቤቱ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ስም ያዘ። መንግሥት ገንዘብና ኃላፊነት መውሰዱ በራሱ ክፋት የለውም። ዕቁብ የሚጸናው ግን በዳኛው ብቻ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ሰው ዕጣ ተጽፎ ሲቀመጥ ነው። የጅማው፣ የባሕር ዳሩ፣ የመቀሌው ተማሪ በዓመት ይህን ያህል ሌሊት የእኔ ነው ብሎ ካላወቀ፣ የቀረው ዳኛ ያለው፣ ዕቁብተኛ የሌለው ዕቁብ ነው።

«ሕዝብ እየተራበ ቴሌስኮፕ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። በዲሴምበር 2019 ከቻይና የተተኮሰችው 72 ኪሎ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ዓላማዋ እርሻን፣ ደንንና ውሃን ከላይ መመልከት ነበር፤ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያም የተተከለው እዚያው እንጦጦ ነው። መሣሪያ የሚያበጅና ስሌት የሚያውቅ ወጣት የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ደግሞስ በባሕረ ሐሳብ ፀሐይና ጨረቃን ቆጥሮ በዓሉን የሚያውቅ ሕዝብ ሰማይ የሌላ ሰው ነው ቢባል ማን ይሰማል?

ታከር ላለው ወገን ሥራው ከደጃፉ ይጀምራል። የዲካልብ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ንብረት የሆነው ፈርንባንክ ሳይንስ ማዕከል 36 ኢንች ቴሌስኮፕ አለው። ቤት ገዝቶ የትምህርት ቤት ግብር የሚከፍል የታከር ነዋሪ ሁሉ፣ ሳያውቀው የዚህ ዕቁብ አባል ነው። መዋጮውን እየከፈለ ዕጣውን ያልወሰደ ብዙ ነው። ለሕዝብ የሚከፈትበትን ምሽት ደውሎ መጠየቅና ልጆችን ይዞ መሄድ ምንም አይከብድም። በጆርጂያ ኮሌጆች የሚያስተምሩና የሚማሩ ኢትዮጵያውያንም የሳራን ዓይነት የውል ሰነድ፣ የሌሊት ድልድልና የርቀት አሠራር ልምድ ለእንጦጦ ባልደረቦቻቸው ቢያካፍሉ፣ ከማንኛውም የገንዘብ ርዳታ የሚልቅ ስጦታ ነው። መስታወቱ ተገዝቷል፤ የቀረው ዕጣውን በትክክል ማውጣት ነው።