የጓሮ ጉዳይ፦ የበርበሬ ችግኝ ጥላና ውሃ

የበርበሬ ችግኝ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ማሳ ሳይደርስ፣ ገና መደብ ላይ ሳለ ነው። የሚያልቀውም ከልክ በላይ ስለምንንከባከበው ነው።

ዘሩን ዘርተን መደቡን በደረቅ ሣር እንሸፍናለን። ሣሩ እርጥበት ይይዛል። ዘሩ ብቅ ሲል ግን ሣሩ መነሳት አለበት። "ፀሐይ ያቃጥለዋል" ብለን ከተውነው ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ቀጭንና ገርጣ ይሆናል። ሣሩን አንስተን ከፍ ያለ ዳስ እንሥራለት። ዳሱ ሳሳ ይበል።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። እስኪበቅል ድረስ አፈሩ አይድረቅ። ከበቀለ በኋላ ግን ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እናስገባ። እርጥብ ከሆነ ዛሬ ይቅር። ደረቅ ከሆነ ጧት እናጠጣ። አፈሩ ሁልጊዜ ከጨቀየ የችግኙ አንገት፣ ያ አፈሩን የሚነካው፣ ይበሰብሳል። ትናንት ቆሞ ያየነውን ዛሬ ተኝቶ እናገኘዋለን።

እኛም አንድ ዓመት የመደባችን ግማሹ እንዲህ አለቀብን። ውሃ የጠማው መስሎን ጨመርንበት! ምን ያደርጋል፣ ባሰበት። የሚሻለው የወደቀውን ነቅሎ ማራቅ፣ ውሃ መቀነስ፣ ዳሱንም ማሳሳት ነው። የተኛው አይነሳም። የቆመው ግን ሊተርፍ ይችላል።

ሊተከል 10 ቀን ያህል ሲቀረው ዳሱን ጥቂት ጥቂት እያልን እናንሳ፤ ፀሐይ ይልመድ። ውሃውንም እናሳንስ። በሚነቀልበት ዕለት ብቻ አስቀድመን መደቡን እናርጥበው፤ ሥሩ እንዳይበጠስ። ተከላው ወደ ማታ ወይም ደመና ሲሆን ነው።