ስላይዱን ማቆም ይቻላል

በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ «ፕላዝማ» የተባለውን የቴሌቪዥን ትምህርት አይረሳም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ። ተማሪው አልገባኝም ቢል መምህሩ ማቆም አይችልም። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱ አመለጠ።

ፓወርፖይንት ይቆማል። በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ በዋናነት የታሰበው ለቢሮ ስብሰባ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የገባው ኋላ ነው። ችግሩም አብሮ ገባ፦ መምህሩ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ደርድሮ ያንኑ ያነባል፣ ተማሪው በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ ደብተሩ ባዶውን ይቀራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ሜየር በሙከራ እንዳሳየው፣ በቃል የሚብራራ ሥዕል ላይ ያንኑ ንግግር በጽሑፍ መድገም መረዳትን ያውካል እንጂ አያግዝም።

በአንጻሩ የልብን አሠራር በስላይድ የምታስተምር የባዮሎጂ መምህርት እንውሰድ። የደሙን መንገድ በቀስት አንድ በአንድ ታሳያለች፤ መሃል ላይ «ቢ» የምትለዋን ቁልፍ ስትነካ ማሳያው ይጨልማል። «ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል?» ትላለች። ክፍሉ ያኔ ማሰብ ይጀምራል (መንጫጫትም፣ ግድ የለም)።

የዚህ ዕትም ጽሑፎች የሚያተኩሩት በዚህ ዓይነት አጠቃቀም ላይ ነው። ጠመኔንም አልናቁም፤ የሒሳብ ስሌት እርምጃ በእርምጃ ሲሠራ ሰሌዳው ዛሬም ይሻላል። መምህራን የሠራላችሁንም ያልሠራላችሁንም ጻፉልን፤ በቀጣዩ ዕትም እናስተናግዳለን።