በኋላ እናስተካክለዋለን

ሐኪሙ የቆመውን ልብ ለመቀስቀስ የኤሌክትሪክ መምቻውን በሁለት እጁ ይዞ ታማሚው ደረት ላይ ሲጫን፣ ደረቱ እንደ አፍ ተከፈተ። ወዲያው ደግሞ ገጠመ። የሐኪሙ ሁለት እጆች ውስጥ ቀሩ። የጆን ካርፔንተርን «ዘ ቲንግ» ያየ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። እኔ ያየሁት ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተገለበጠ ከማይታወቅ ካሴት ላይ ነው። ምስሉ ዝናብ የሚዘንብበት ይመስል ነበር። እንዲያም ሆኖ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከአግዳሚው ተነሥቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

እንዴት እንደ ተሠራ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የተከፈተው ደረት የጎማ ነው። ተዋናዩ ከጠረጴዛው ሥር ተደብቆ ብቅ ያደረገው ጭንቅላቱንና ትከሻውን ብቻ ነው። ለመጨረሻዋ ቅጽበት ደግሞ ሁለት እጆቹ የሌሉት ሰው ተፈልጎ ተገኘ። የሐኪሙን ፊት የሚመስል ጭምብል አጠለቁለት፤ በክንዱ ላይ የሰም አጥንት፣ የጎማ ደም ሥርና ጄሊ የታጨቀበት ሰው ሠራሽ እጅ ቀጠሉለት። ደረቱን የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ሲገጥም ሰምና ጎማው ተበጠሰ። አንድ ትዕይንት ለማስተካከል ሰዓታት ይፈጃል፤ ከተበላሸ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው።

ይህን የመራው ሮብ ቦቲን ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ዕረፍት፣ ስቱዲዮው ውስጥ እያደረ ሠርቶ ሲጨርስ በድካም ሆስፒታል ገባ። ፊልሙ በሰኔ 1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ሲወጣ ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣው የስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ገበያውን ይዞት ነበር፤ ሰው ደጉን እንግዳ ፍጡር ወዶ ክፉውን ጠላ። ተቺዎችም አብጠለጠሉት። ዛሬ ግን በሙያው ስለ እጅ ሥራ ሲወራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ይህ ፊልም ነው።

በ2011 ስቱዲዮው የዚያኑ ፊልም ቀዳሚ ታሪክ አሠራ። ጭራቆቹን እንዲሠሩ የተቀጠሩት አሌክ ጊሊስና ቶም ውድረፍ፣ በትልቁ ባለሙያ በስታን ዊንስተን ሥር ያደጉ ሰዎች ናቸው። ሥራውን ሠሩት። ከጎማና ከሞተር የተበጁት ፍጥረታት ካሜራ ፊት ቆመው ተቀረጹ። ፊልሙ ሲወጣ ግን አብዛኞቹ በኮምፒውተር በተሳለ ምስል ተሸፍነው ተገኙ። የተሠራውን በሚገባ ቀርጸው ካበቁ በኋላ ላዩ ላይ ሌላ ቀቡበት። ፊልሙን ዛሬ ከፍቶ ላየ ሰው ጭራቁ ከክፍሉ ብርሃን ጋር አይግባባም፤ ክብደት የለውም፤ ወለሉን ረግጦ ወለሉ አያውቀውም።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች የሚደርሱበት ፍርድ አጭር ነው፦ ኮምፒውተር መጣና ፊልም ሞተ። እኔ በዚህ አልስማማም። መውደቁን አልክድም፤ የወደቀው ግን ሌላ ነገር ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ትዝታ አንድ ነገር ልበል። ጎማ ሁሉ «ዘ ቲንግ» አልነበረም። ዚፑ ከኋላ የሚታይ ጭራቅ፣ ገመዱ በብርሃን የሚያብረቀርቅ መንኮራኩር፣ ሲወድቅ ነጥሮ የሚነሣ «ድንጋይ» በየፊልሙ ሞልቶ ነበር። እነዚያን ረስተናቸዋል። የቀሩልን ምርጦቹ ስለሆኑ ያ ዘመን ሁሉ ምርጥ ይመስለናል። ጊሊስና ውድረፍ እንኳ በ2011 ከደረሰባቸው በኋላ ተናድደው፣ ከአድናቂዎች ገንዘብ አሰባስበው፣ በእጅ በተሠራ ጭራቅ ብቻ «ሃርቢንጀር ዳውን» የተባለ ፊልም በ2015 አወጡ። ጭራቁ ጥሩ ነው። ታሪኩ ግን ቀልብ አይዝም። ጎማ ብቻውን ፊልም አያድንም።

አሁን ወደ 1993 እንሂድ፤ ኮምፒውተሩ ወደ ገባበት ሰዓት። «ጁራሲክ ፓርክ» ሲዘጋጅ ዳይኖሰሮቹን በአሮጌው መንገድ፣ አንድ ፍሬም አንቀሳቅሶ አንድ ፍሬም በመቅረጽ ሊሠራ የተቀጠረው ፊል ቲፔት ነበር። የኮምፒውተሩን ሙከራ ሲያይ ከዳይኖሰሮቹ ጋር አብሮ የመጥፋት ዕጣ የደረሰው መስሎት ነበር። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ግን አላባረረውም። እንስሳ እንዴት እንደሚራመድ፣ ከመዝለሉ በፊት ክብደቱን የት ላይ እንደሚጥል የሚያውቀው ቲፔት ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚነዱት ወጣቶች ያን አያውቁም። ስለዚህ መጋጠሚያዎቹ ላይ እንቅስቃሴን የሚለካ ሴንሰር የተተከለበት የብረት አጽም ተሠራላቸው፤ የእጅ ባለሙያዎቹ አጽሙን እንደ ልማዳቸው ሲያንቀሳቅሱ ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውን ይቀበል ነበር። ነባሩና ወጣቱ ተባብረው አንድ እንስሳ አወጡ።

ሌላውን ዳይኖሰር የሠራው ስታን ዊንስተን ነው፤ ወደ 12 ሜትር የሚረዝም ቲራኖሰር። በዝናቡ ትዕይንት የስፖንጅ ቆዳው ውኃ እየጠጣ ከበደና መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሠራተኞቹ በየቀረጻው መሀል በፎጣ ሲያደርቁት ያድሩ ነበር። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት 15 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው። ጨለማው፣ ዝናቡ፣ የመኪናው መብራት፣ በብርጭቆ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ውኃ ሁሉ አስቀድሞ ተመክሮበት የተወሰነ ነው። ምክንያቱም ቀልድ የለም፤ አንዷ ሰከንድ ብዙ ገንዘብ ትበላለች።

የእኔም ነገር ይኸው ነው። የእጅ ሥራ ጥቅሙ ጎማው አልነበረም። ጎማ ካሜራው ከመነሣቱ በፊት እንድትወስን ያስገድዳል፦ ጭራቁ ከየት ይገባል፣ ብርሃኑ ከየት ይመታዋል፣ ስንት ሰከንድ ይታያል፣ ተዋናዩ ወዴት ያያል። ስፒልበርግ ራሱ በ1975 የወጣውን «ጆውስ»ን ሲሠራ ይህን የተማረው በመከራ ነው። ብሩስ ብለው የሰየሙት ሜካኒካል ሻርክ በጨው ውኃ አልተሞከረም ነበር፤ ባሕር ሲገባ በየቀኑ ተበላሸ። ለ55 ቀን የታቀደው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። ሻርኩ እምቢ ሲል ዳይሬክተሩ ቢጫ በርሜሎች ውኃው ላይ አስሮጠ፤ ሙዚቃውም የጎደለውን ሞላ። የፍርሃቱ ሁሉ ምንጭ ያ እምቢታ ነው።

ኮምፒውተር እምቢ አይልም። መጀመሪያ ላይ ይህ በረከት መሰለ፤ ቆይቶ ግን ልማድ አመጣ። በሆሊዉድ ቀረጻ ቦታ አንድ ነገር ሲበላሽ የሚባለው «በኋላ እናስተካክለዋለን» ነው። ጭራቁ ምን እንደሚመስል ገና አልታወቀም፤ በኋላ። ሰማዩ ምን ዓይነት ቀለም አለው? በኋላ። ተዋናዩ እስከዚያ አረንጓዴ ጨርቅ እያየ ይተውናል። ኢያን ማኬለን «ዘ ሆቢት» ሲቀረጽ በአረንጓዴ ክፍል ውስጥ ብቻውን፣ የሥራ ባልደረቦቹን ፎቶግራፍ እያናገረ ሲሠራ አልቅሷል። በተቃራኒው ቬርነር ሄርዞግ «ማንዳሎሪያን» ላይ ትንሿን አረንጓዴ አሻንጉሊት እንደ ሕፃን ያናግራት ነበር። አዘጋጆቹ በኋላ በኮምፒውተር እንተካት እንደሆነ ብለው ያለ እሷ ሊቀርጹ ሲሰናዱ ፈሪዎች ናችሁ ብሎ ተቆጣቸው። እውነቱን ነው። ፍርሃቱ ከመወሰን ነው።

የመዘግየቱን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። የኮምፒውተር ምስል የሚሠሩት ኩባንያዎች ሥራ የሚወስዱት በቁርጥ ዋጋ ተጫርተው ነው። ስቱዲዮው አሥር ጊዜ ሐሳቡን ቢቀይር ብዙውን ጊዜ የሚከስረው ተጫራቹ ነው፤ ሌሊቱን የሚሠራው ባለሙያ ነው። «ላይፍ ኦቭ ፓይ»ን ያዩ ሰዎች ያንን ነብር ያስታውሳሉ፤ ከጥቂት ቅንጭቦች በስተቀር በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ግን በእውነተኛ ነብሮች ላይ ተጠንቶ፣ ጸጉሩ ሲረጥብ እንዴት እንደሚተኛ ሳይቀር ታስቦበት። ለእኔ ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ እጁ መዳፊት ስለ ያዘ ብቻ አናሳ አይሆንም። ሥራውን የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂውስ በየካቲት 2013 ኦስካር አገኘ። ከጥቂት ቀናት በፊት ኪሳራ አውጆ ነበር። የቡድኑ መሪ መድረክ ላይ ስለዚህ መናገር ሲጀምር ኦርኬስትራው በሙዚቃ አቋረጠው፤ የተመረጠውም ሙዚቃ የ«ጆውስ» ነበር። ውጭ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ሰልፍ ላይ ነበሩ።

«በኋላ» የት ድረስ እንደሚሄድ ያየነው በታኅሣሥ 2019 ነው። «ካትስ» ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ፣ ተመልካች ትኬት ቆርጦ ካየው በኋላ፣ ምስሎቹ የታረሙበት አዲስ ቅጂ ለሲኒማ ቤቶች ተላከ። በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ድመት ሆና የተወነችው የጁዲ ዴንች የሰው እጅ፣ ከነቀለበቱ፣ ብቅ ብሎ ታይቷል። ዳቦው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ሊጥ ማቡካት ይሉሃል ይህ ነው።

ስቱዲዮዎቹም ተመልካቹ መሰልቸቱን አላጡትም። ስለዚህ አሁን «ሁሉም እውነት ነው» እያሉ ያስተዋውቃሉ። «ቶፕ ገን፦ ማቬሪክ» በእውነተኛ በረራ ተመስግኖ ሳለ ከ2,400 በላይ በኮምፒውተር የተነኩ ቅንጭቦች አሉት። ነውር የለበትም፤ ጥሩ ፊልም ነው። ነውሩ የሠሩትን ሰዎች መደበቁ ላይ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመጣው እንግዲህ በዚህ ቤት ላይ ነው። ቤቱን ያፈረሰው እሱ አይደለም፤ በሩ ተከፍቶ ነው ያገኘው። ውሳኔን አርባ ጊዜ ማዘግየት ለለመደ ኢንዱስትሪ፣ ጭራሽ የሚወስን ሰው የማይፈልግ መሣሪያ ሲቀርብለት እንዴት እምቢ ይላል? በ2025 ኔትፍሊክስ «ኤል ኤተርናውታ» በተባለው የአርጀንቲና ተከታታይ ፊልም ውስጥ በቦነስ አይረስ አንድ ሕንፃ ሲፈርስ የሚያሳየውን ትዕይንት በዚህ መንገድ እንደ ሠራና ከተለመደው አሠራር አሥር ጊዜ እንደ ፈጠነ የኩባንያው ኃላፊ በኩራት ተናግረዋል። በየካቲት 2024 ፊልም ሠሪው ታይለር ፔሪ «ሶራ» የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ያወጣውን ቪዲዮ አይቶ፣ አትላንታ ያለውን ስቱዲዮውን በ800 ሚሊዮን ዶላር ለማስፋፋት የያዘውን ዕቅድ አቁሟል።

ልዩነቱ ፍጥነቱ አይመስለኝም። በኮምፒውተር የተሳለው ነብር ጸጉሩ የተኛው አንድ ሰው እንዲተኛ ስለ ፈለገ ነው። ይህኛው መሣሪያ ግን የሌሎችን ሚሊዮን ምስሎች፣ ምናልባትም የቦቲንንና የዊንስተንን ሥራ የመሳሰሉትን ጨምሮ፣ አይቶ የሚመስለውን ያወጣል። ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ብትጠይቀው ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣል፤ ለምን ይህን እንዳደረገ ብትጠይቀው ምክንያት የለውም። ዳይሬክተሩ ጭራቁን ማሰቡ ይቀርና መርካቶ እንደ ገባ ሸማች ከተደረደረው ይመርጣል። መምረጥም ሙያ ነው ይሉኛል። ይሁን፤ ግን የጠረጴዛው ሥር ደረት የመጣው ከመደርደሪያ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሰዎቹ ሰንሰለት ነው። የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር በ1973ቱ «ኤክሶርሲስት» ላይ የዲክ ስሚዝ ረዳት ሆኖ ተማረ። ቦቲን በ14 ዓመቱ ሥዕሎቹን ለቤከር ላከለትና ተቀጠረ። የጊሊስና የውድረፍ ጌታ ዊንስተን ነው። በኮምፒውተሩም ዓለም እንዲሁ ነው፤ ጀማሪው ከምስሉ ላይ ገመድ በማጥፋት፣ የሰውን ቅርጽ ፍሬም በፍሬም በመቁረጥ ዓይኑን ያሠለጥናል፤ ከዓመታት በኋላ እሱ ራሱ መሪ ይሆናል። አሁን መጀመሪያ ለማሽኑ እየተሰጠ ያለው ይህ የጀማሪ ሥራ ነው። አሠልቺ ሥራ ነው፤ ማንም አይናፍቀውም። የነገው መሪ ግን የሚመጣው ከዚያ ነው። ቤከር ሰባት ኦስካር ካገኘ በኋላ በ2015 ጡረታ ወጥቶ ዕቃዎቹን ለጨረታ አቀረበ፤ እኔ በደንብ ልሠራ እፈልጋለሁ፣ እነሱ ርካሽና ፈጣን ይፈልጋሉ ብሎ ነው። በየካቲት 2025 ደግሞ «ዘ ሚል»ንና «ኤምፒሲ»ን የመሳሰሉ ስመ ጥር የምስል ቤቶች የያዘው ቴክኒከለር ወደቀ። አሮጌው እጅም አዲሱም እጅ በአንድ ምክንያት ነው እየተሰናበተ ያለው።

ብሩስ ዛሬ ሎስ አንጀለስ፣ በ2021 በተከፈተው የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ውስጥ ከኤስካሌተሩ በላይ ተሰቅሏል፤ ከ7 ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ፊልሙ ከተሳካ በኋላ ለጎብኚዎች ፎቶ መነሻ እንዲሆን ከዚያው ቅርጽ የወጣ አራተኛ ቅጂ ነው፤ ለዓመታት የመኪና ውራጅ መጣያ ውስጥ ቆሞ ነበር። ባሕር ገብቶ አያውቅም። ባሕሩ ውስጥ የሠሩት ሦስቱ አልተረፉም።